የኋለኛው ፔዳል

ብስክሌቱ ከመኝታ ቤቱ እስከ መውጫው በር በሚያደርሰው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ አሥር ወር ቆመ። ሁለት ኮርቻ፣ ሁለት መሪ፣ አራት ፔዳል ያለው ረጅም ብስክሌት ነው። ሰውየው ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ በግራ እጁ እየዳሰሰው ያልፋል። መጀመሪያ የኋለኛው ኮርቻ፣ ቀጥሎ የኋለኛው መያዣ፣ ቀጥሎ የፊተኛው ኮርቻ፣ ቀጥሎ የፊተኛው መሪ፣ ከዚያ በሩ። ሲመለስ ደግሞ ተገላቢጦሹን። ሐዘን ይዞት አልነበረም የሚዳስሰው። ዓይነ ስውር ነው፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ካልዳሰሰው ፔዳሉ ቁርጭምጭሚቱን ይመታዋል።

የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልከኛ ነው። ምድር ቤት ባለች መስኮት አልባ ክፍል ተቀምጦ፣ ከውጭ የሚደወለውን ሁሉ እየተቀበለ ወደየክፍሉ ሲያስተላልፍ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። መስኮት ባለመኖሩ ከሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ሲያማርሩ ኖረዋል፤ እሱ ግን ጉዳዩም አልነበረም። ሦስት መቶ አርባ የውስጥ ቁጥር በቃሉ ያውቃል። ዶክተሩም፣ ነርሷም፣ ዘበኛውም «ጋሽ ሃሎ» ነው የሚሉት፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ኩፍኝ ነው ዓይኑን የወሰደው። ስለዚህ የማየትን ነገር ጨርሶ አያውቅም አይባልም፤ የዘጠኝ ዓመት ያህል ያውቃል።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ያንን ብስክሌት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድተውታል። ጠዋት እሱን ሆስፒታል በር ላይ አውርዳ፣ ባዶውን ኮርቻ ከኋላዋ አስከትላ ወደ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። ቤት ውስጥ በማንኪያ ማስቀመጫ ሳይቀር የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ብስክሌቱ ላይ ግን ሦስት ቃል ትበቃቸዋለች። «ጉብታ» ስትለው ከኮርቻው ከፍ ይላል። «ስጥ» ስትለው ይገፋል። «ተው» ስትለው እግሩን ያቆማል።

እዚያው እሱ የሚሠራበት ሆስፒታል የተኛችው ለሐሞት ጠጠር ነው። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፤ ሐሙስ ትወጣለች ተባለ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄደ። እሱ ሥራ ላይ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሊወጣላት ብርቱካን ገዝቶ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጧል። እሷ ከተኛችበት ከአራተኛ ፎቅ ስልክ ተደወለ፤ ድምፅዋን የማያውቃት አዲስ ሲስተር ናት።

«ኦፕሬተር፣ የአልጋ ቁጥር አሥራ ሁለትን ቤተሰብ ፈልግልኝ። ባል አላት መሰለኝ፤ ካርዷ ላይ ያለው የቤት ስልክ አይነሳም።»

«ምን ልበለው?»

«ቶሎ ና በለው። አርፋለች፤ ግን በስልክ እንዳትነግረው።»

«እሺ» አላት። ወዲያው ሌላ መስመር ጠራ፤ አነሳና ወደ ራጅ ክፍል አስተላለፈው። ሌላ ጠራ፤ ወደ መድኃኒት ቤት። አራተኛውን ጥሪ ካስተላለፈ በኋላ ነው ማዳመጫውን አውልቆ፣ ደረጃውን እየቆጠረ አራተኛ ፎቅ የወጣው።

ከዚያች ቀን ወዲህ የጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ድድ ዓይነት ሰው ሆነ። ቢነኩት አለ፤ የራሱ ግን አይመስለውም። «አልቅስ፣ ይውጣልህ» አሉት። ብቻውን በር ዘግቶ ሞከረ፤ ጥቂት ቆይቶ እግሩ ስለቀዘቀዘው ተነስቶ ካልሲ አደረገ። ከሥራ አንድም ቀን አልቀረም። ጢሙን ይላጫል። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይበላል፤ በማግስቱም ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል። የሥራ ባልደረቦቹ «ጎበዝ ነው፣ ቻለው» እያሉ አደነቁት። እሱ ግን የቻለው ነገር አልነበረም፤ የከበደው ነገር ሲኖር አይደል መቻል።

ሳይጠሩት የምትመጣው የሚስቱ ታላቅ እህት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ አምና ጡረታ ወጥታለች። ሰፈርተኛው «ሾፌሯ» ይላታል፤ እሱ «እትዬ» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠው ግራ ጉልበቷ አልቆ፣ ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ቆማ ደረጃ የፈለሰፈውን ሰው ትረግማለች። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ መስኮት ትከፍታለች፤ የቆየ ዳቦ ትጥላለች፤ ታወራለች። አንድ እሑድ መተላለፊያው ውስጥ ቆመች።

«ይኼ ነገር እዚህ የሚገተረው እስከ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«ብስክሌቱ ነዋ። አቧራው እጄን አለበሰኝ።»

«እኔን አላጣበበኝም።»

«እሷ ብትኖር እንዲህ ታስቀምጠው ነበር? ወይ እንሽጠው፣ ወይ እንንዳው።»

«ማን ሊነዳው?»

«እኔ ነኛ። ከፊት እኔ፣ ከኋላ አንተ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ለጉልበቴ ሞተር ይገጠምለታል። ለብስክሌቱ ማለቴ ነው። ማንኛውም ብስክሌት ላይ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ሞተር መጥቷል፤ ባትሪው፣ ሽቦው፣ ሁሉም በአንድ ካርቶን። ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የሚወጣው። አይቻለሁ፤ ብዋሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ወዲያው አፏን በእጇ እንደያዘች ከትንፋሿ አወቀ።

«ምንም አይደል እትዬ፤ ትለምጂዋለሽ» አላት።

ሳቀች። እሱም የሚሳቅበት ቦታ መሆኑን ስለሚያውቅ ፈገግ አለ። ከዚያ በሐሳቧ ተስማማ። እምቢ ለማለት ምክንያት መደርደር ያስፈልጋል፤ እሺ ግን አንድ ቃል ናት።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ የፊተኛውን መሪ፣ እሱ የኋለኛውን ኮርቻ ይዘው ብስክሌቱን እየገፉ ወደ አንድ ወርክሾፕ ሄዱ። ጎማው ከመቆም ብዛት ተንፍሶ መሬቱን ይልሳል። ወርክሾፑ ቀድሞ የመኪና ጋራዥ የነበረ፣ ጣሪያው ድምፅ የሚመልስ ሰፊ ቤት ነው፤ የጎማና የተበየደ ሽቦ ሽታ አለው። ባለሙያው አርባዎቹ ውስጥ ያለ የሚመስል፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ድሮ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር የሚጠግነው።

«እማማ፣ እዚያ ጋ ዘይት ፈሷል፤ እንዳያንሸራትትዎት» አለ።

«እማማ የምትለኝ ምን በድዬህ ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሾፌር ነው የተባልኩት።»

«እሺ፣ ሾፌር።»

«እንደሱ።»

ባለሙያው ብስክሌቱን መስቀያ ላይ ሰቅሎ ፔዳሎቹን በእጁ እያዞረ መጠየቅ ጀመረ። ሁለታችሁ ስንት ኪሎ ትሆናላችሁ? መንገዳችሁ ስንት ዳገት አለው? በቀን ምን ያህል ትሄዳላችሁ? ሰውየው ሥራ ላይ እንደሚመልሰው አጠር አጠር አድርጎ መለሰ። መቶ ሃምሳ ሁለት። አንድ፤ ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣው። ደርሶ መልስ አሥር ኪሎ ሜትር።

«ከኋላ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ?»

«አዎ።»

«ይገፋሉ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንዳንዱ ሰው ከኋላ ይቀመጥና እግሩን ብቻ ያዞራል። ካቴናው፣ ሰንሰለቱ ማለቴ ነው፣ የፊቱንና የኋላውን ፔዳል ስለሚያያይዝ መዞሩ አይቀርም፤ የፊተኛው ሰው ሁለቱንም ተሸክሞ ይሄዳል።»

«እገፋ ነበር» አለ ሰውየው።

ባለሙያው የፊተኛውን ፔዳል ነቀነቀ፤ የኋለኛውንም ነቀነቀ። «ፔዳሎቹ የሚዞሩባቸው ኩሽኔታዎች እኩል ነው የላሉት። የኋለኛው ሰው ባይገፋ የፊተኛው ቀድሞ ነበር የሚያልቀው። ገፍተዋል።»

ሰውየው ሰማው። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው አንድ ነገር ሊሰማው እንደሚገባ ያውቃል። ቆሞ ጠበቀ፤ የሚያነሳ የሌለበት ክፍል ውስጥ እየጠራ እንዳለ ስልክ ቆይቶ ቆይቶ ተወው።

ከዚያ ባለሙያው «እጅዎን ልያዝ?» ብሎ አስፈቅዶ ወደ ጠረጴዛው ወሰደውና ሦስት ዓይነት ሞተር አስዳሰሰው። አንደኛው የፊት ጎማ እምብርት ላይ ተሰክቶ የሚመጣ ነው፤ ስፋቱ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ያህላል። ሁለተኛው የኋላ ጎማ እምብርት ላይ የሚሆን ነው፤ ሰፊና ከባድ፣ ክዳኑን እንደገጠመ ድስት። ሦስተኛው በጎማ ሳይሆን በፔዳሎቹ መሐል፣ በብስክሌቱ ወገብ ላይ የሚገባ ቅርጹ የተወሳሰበ ነገር ነው።

«ሁለተኛውን ተዉት» አለ። «የናንተ የኋላ ጎማ መግቢያው ከተለመደው ሰፋ ይላል፤ ለመግጠም ብዙ ማጥበቢያ ቀለበት ይፈልጋል። ሸክሙም ድሮውኑ ወደ ኋላ ያደላ ነው። ምርጫችሁ በአንደኛውና በሦስተኛው መሐል ነው። ሦስተኛው በማርሽ ስለሚሠራ ዳገት ላይ የሚስተካከለው የለም። እዚህ የአንድ ደንበኛዬ የሁለት ሰው ብስክሌት አለ፤ ይኼው ነው የተገጠመለት። ለማሳያ ፈቅዶልኛል፤ ሞክሩት።»

ግቢው ውስጥ ወጡበት። ሾፌሯ ከፊት ተቀምጣ መሪውን ጨበጠችና ኮርቻው ላይ ተመቻቸች። «ተሳፋሪ፣ መያዣህን ያዝ» አለችና ቁልፉን ነካች።

የሰውየው እግሮች ብቻቸውን መዞር ጀመሩ። እሱ አልገፋም፤ ፔዳሉ ራሱ እግሩን ያነሳዋል፣ ያወርደዋል፣ እንደገና ያነሳዋል። ባለሙያው ከዳር ሆኖ አስረዳ፤ ሞተሩ ያለው በፊተኞቹ ፔዳሎች መሐል ስለሆነ የኋለኛውን ፔዳል በካቴናው ይጎትተዋል፣ የፊተኛዋ ግን ብትፈልግ እግሯን ማሳረፍ ትችላለች። ሰውየው ሁለት ዙር ሙሉ እግሩን እንዲህ ለሞተሩ አስረክቦ ተቀመጠ። አልደከመውም። አላሰበም። አሥር ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲፈልግ የነበረ መሰለው፤ አንስቶ የሚያስቀምጠው፣ ምንም የማይጠይቀው ነገር።

«ይኼ ይሁን» አለ።

«አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አይታችሁት ወስኑ» አለ ባለሙያው።

መንገዱ ጭር ያለ የመጋዘን መንገድ ነበር። መቶ ሜትር ያህል እንደሄዱ አንድ የጭነት መኪና በኋላ ማርሽ ከአንድ ግቢ ብቅ አለ። ሾፌሯ ፍሬን ያዘች። በአውቶቡስ ዘመኗ ፍሬን ስትይዝ ለተሳፋሪ አታሳውቅም ነበርና አሁንም አላሳወቀችም። ሞተሩ ለመቆም ጥቂት ዘገየ። ሰውየው ብስክሌቱ መቆሙን ሲያውቅ እግሩን ወደ መሬት አወረደ፤ ገና የሚዞረው ፔዳል መጥቶ ቅልጥሙን ገጨው። መያዣውን አልለቀቀም። መኪናው አልፎ ሄደ። ብስክሌቱን አዙረው እየገፉ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ሾፌሯ ቆመች።

«እግርህ እየደማ ነው።»

«እንዴ?»

«ካልሲህ ርሷል። አላመመህም?»

ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። እውነትም ርጥብ ነው። «አይ፤ እንዲያው ትንሽ ነው» አለ።

ሾፌሯ መሪውን ለቀቀችና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ስታለቅስ ሰማ። አፍንጫዋን እየሳበች፣ እንደ ልጅ ነበር የምታለቅሰው።

«ምንም አትልም» አለች። «አሥር ወር ሙሉ ምንም አትልም። ዳቦ ትበላለህ፣ ስልክ ታነሳለህ። እሷን የቀበርኩት እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ?»

ሄዶ አጠገቧ መቀመጥ እንዳለበት አወቀ፤ ግን ብስክሌቱን የያዘው እሱ ብቻ ነው፤ ቢለቀው የሰው ዕቃ ወድቆ ይሰበራል። ስለዚህ በሁለት እጁ እንደያዘው ባለበት ቆሞ ተናገረ።

«እትዬ፣ ስታቆሚ ‹ተው› በዪኝ።»

«ምን?»

«እሷ ‹ተው› ትለኝ ነበር። ባትለኝም በፔዳሉ አውቅ ነበር። ሲደክማት ይከብደኛል፤ ስትናደድ ይቀለኛል፤ ልታቆም ስትል እግሯን ትንሽ ታዘገየዋለች፣ እሱ እኔ ጋ ይደርሳል። ይኼኛው ግን ዝም ብሎ ነው እግሬን የሚያዞረው። አንቺ ከፊት መኖርሽንም አላወቅኩም።»

ከአሥር ወር ወዲህ ለሰው የተናገረው ረጅሙ ነገር ይኼ ነበር፤ የተናገረውም የክፍል ቁጥር በሚናገርበት ድምፅ ነው። ሾፌሯ ማልቀሷን አቁማ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች።

«ይኼ ሞተር ይቅር እንግዲህ» አለች። «ና፣ እግርህን እንጠበው።»

ባለሙያው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ አሰረለት፤ ይቅርታም ጠየቀ። ከዚያ ወደ አንደኛው ሞተር ተመለሱ። እሱ ከፊት ጎማው ላይ ሆኖ ይጎትታል እንጂ ፔዳሎቹን አይነካም፤ ሁለቱ ሰዎች እንደ ድሮው በካቴናው ይገናኛሉ። ባለሙያው የፊት ጎማውን ከሁለት ወገን ጨብጦ የያዘውን ብረት በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረገ።

«ብረት ነው፤ ደግ። አሉሚኒየም ቢሆን እምቢ እላችሁ ነበር። የሞተሩ ዘንግ በራሱ ጉልበት ተሽከርክሮ እንዳይወጣ አንድ አጭር የብረት ክንድ አስርለታለሁ። ባትሪው ከኋላዎ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ ይሆናል። ፍሬኑ ላይ ደግሞ ማጥፊያ አደርግለታለሁ፤ እጇ ፍሬን ሲነካ ሞተሩ ወዲያው ቀጥ ይላል። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ይኼ ሞተር ውስጡ ጥርስ ስላለው ትንሽ ድምፅ አለው። ዝም የሚል ከፈለጋችሁ ሌላ አዛለሁ።»

«ይጩህ» አለ ሰውየው። «ሲሠራ ልስማው።»

«የቀረው ሴንሰሩ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ያያል፤ ከዞረ ሞተሩን ያስነሳል። ሌላው እግር ምን ያህል እንደሚጫነው ይለካል፤ በገፉት መጠን ነው የሚያግዘው። ዋጋው ጨመር ይላል። ሾፌር፣ ለርስዎ ጉልበት ግን የመጀመሪያው...»

«የሚለካው ይሁን» አለች ሾፌሯ። «ኋለኛው ፔዳል ላይ አድርገው።»

«ኋለኛው ላይ ካደረግኩት ጋሼ ካልገፉ አይነሳም።»

«እሱን አይደል የምልህ። እሱ ካልገፋ ሞተሩም አይሥራ። እኔ መሪ እይዛለሁ።»

ባለሙያው የሰውየውን መልስ ጠበቀ። ሰውየው እዚህ ላይ አንድ ነገር እንደተጠየቀ ገብቶታል፤ ስለ ሽቦ ብቻ እንዳልሆነም ገብቶታል። 

«እሺ» አለ።

ዕቃው መጥቶ እስኪገጠም ሦስት ሳምንት ፈጀ። መተላለፊያው በዚያ ሦስት ሳምንት ባዶ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ግራ እጁ የሚነካው አጥቶ ግድግዳውን እየታከከ ይወጣ ነበር።

የመጀመሪያዋ ቀን ረቡዕ ነበረች፤ የዕረፍት ቀኑ። ሜዳው ላይ እንደነገሩ ሄዱ። ሾፌሯ አሁን ሁሉን ትናገራለች፤ ከሚገባው በላይ ትናገራለች። «ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነው፣ ታጠፍኩ። ውሻ አለ፣ ሄደ። አንዲት ሴትዮ ሶፋ ታራግፋለች፤ ምን ታራግፈዋለች፣ የሚጣል ሶፋ ነው።» ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣው ዳገት ሥር ሲደርሱ ዝም አለች። ሰውየው እግሩን ያዞራል እንጂ አይገፋም ነበር። ሞተሩም ድምፁ የለም። ብስክሌቱ ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ጨረሰ፤ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እኔ ጉልበት የለኝም» አለች ሾፌሯ ሳትዞር። «ልንወድቅ ነው።»

ልንወድቅ ነው ስትል እንኳ አልጮኸችም። የሚቀጥለውን ፌርማታ የምትናገር ነበር የምትመስለው። ሰውየው ቀኝ እግሩን ተጫነው። ከፊት ያ ሞተር ኡኡኡ አለ፤ ብስክሌቱ ተስቦ ሄደ። እግሩን አላላው፤ ሞተሩ ዝም አለ። ተጫነው፤ ኡኡኡ። እንዲህ እያለ ዳገቱን ወጡት። የሾፌሯ ጉልበት በካቴናው በኩል ደካማ ነበር፤ በግራ በኩል በየዙሩ ትንሽ ይጎድላል፤ ከአንድ መቶ ሜትር በኋላ ጉድለቱን አወቀውና በራሱ ግራ እግር ይሞላላት ጀመር።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ተው» አለችው፤ አቆመ።

«ሆስፒታል» አለች። «የሚወርድ አለ?»

«የለም።»

ደስ አላለውም። አዘነም አይባልም። ትንፋሹ ተቆራርጦ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ እንደራበውም አስተዋለ። ሲመለሱ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያለ ምግብ ቤት ገብተው ሾርባና ሩዝ በሉ። የሷንም ግማሽ ለሱ ሰጠችው፤ በላው።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ ቅዳሜም። ሰዎች «እንዴት ነህ አሁን?» ሲሉት «ደኅና» ይላል፤ ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ሌሊት ይተኛል። ሥራ ላይ ቀልድ ሲቀልዱበት አንዳንዴ ይመልሳል። የሚስቱ ልብሶች እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ሾፌሯም ስለነሱ አላነሳችም።

በሦስተኛው ወር ላይ ነው፣ በአንድ ረቡዕ፣ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሳሉ ሳያስበው ጠየቃት።

«እትዬ፣ እሷ ከፊት ተቀምጣ ስትነዳ ምን ትመስል ነበር?»

 «እኔ ምን አውቃለሁ? አንዴ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሳልፋችሁ አይቻችኋለሁ፤ እሱም በመስታወት። ሁልጊዜ ከኋላዋ የነበርከው አንተ ነህ።»

«ጃኬቷ እጄን ይመታኝ ነበር» አለ። «ነፋስ ሲሆን ጫፉ ተነስቶ ጣቶቼን ይመታኛል። ቆልፊው እላት ነበር። አትቆልፈውም።»

«ሰማያዊው ነው።»

«ሰማያዊ ነበር?»

«አልነገረችህም?»

«አልጠየቅኳትም።» ትንሽ ገፋ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ አላላው። «ምን ዓይነት ሰማያዊ? የደብተር ሽፋን ዓይነት ነው ወይስ የሳህን ጠርዝ ዓይነት?»

 በካቴናው በኩል የሾፌሯ እግር እንደዘገየ ተሰማው፤ ልታቆም ግን አልነበረም።

«የደብተር» አለችው።

የደብተር ሰማያዊ ያውቃል። ሁለተኛ ክፍል ሳለ አንድ እንደዚያ ያለ ደብተር ነበረው።